ከቤታችሁ በታች ያለው ፓርክ፦ ማን ያቅደዋል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

በነታንያ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



 

ስለ ባንክ፣ ስለ ኩፓት ሖሊም፣ ስለ ኡልፓንና ስለ ልጆች ትምህርት ምዝገባ በዚህ መመሪያ ሌሎች ገጾች ላይ ተጽፎላችኋል። እኔ እንድናገር የተጠየቅሁት ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ከምትኖሩበት ሕንፃ በታች ስላለው የሕዝብ መናፈሻ፣ እዚህ ሁላችንም ፓርክ ስለምንለው ቦታ። የቤት ኪራይ ሳይስተካከል፣ ሥራ ሳይገኝ፣ ጎንደር የቀረው ዘመድ ሳይመጣ ስለ ፓርክ ማውራት ቅብጠት ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኔም መጀመሪያ እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

እኔ ተርጓሚ ነኝ። ከጎንደር የመጣሁት ልጅ ሆኜ ነው፤ አሁን ደግሞ መምህር ለመሆን በመሠልጠን ላይ ነኝ። በሥራዬ ምክንያት የመሥሪያ ቤት ሰዎችና የእኛ ሰዎች በሚነጋገሩበት ስብሰባ መካከል ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። የምነግራችሁ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው፤ ያጠፋሁትንም ጭምር።

በአገር ቤት የቤታችን ደጅ ሜዳ ነበር። በሩ ሲከፈት ልጅ ይወጣል፣ ዶሮ ይወጣል፣ ሽማግሌው በትሩን ይዞ ከአጥሩ ሥር ይቀመጣል። እዚህ ግን በሩ ሲከፈት ያለው ደረጃ ነው። ሦስት ክፍል ውስጥ ሰባትና ስምንት ሰው የሚኖርበት ቤት አለ። እንግዲህ ደጃችን የት ሄደ? ደጃችን ወደ ታች ወርዶ ፓርክ ሆኗል። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚሮጡት እዚያ ነው፣ አራስ ሕፃኗን ይዛ ነፋስ የምትቀበለው እዚያ ነው፣ ቋንቋው የሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች በአማርኛ ወይም በትግርኛ የሚጫወቱት እዚያ ነው። በነታንያ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በአገሪቱ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ በሄፍጺባም ሆነ በኪርያት ኖርዳው ወደ ማታ ዞር ዞር ብትሉ የምለውን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ቃል ላስተካክል። የሕዝብ መናፈሻ በዕብራይስጥ «ጋን ጺቡሪ» ይባላል። ትንንሽ ልጆች የሚማሩበትም ቤት እንዲሁ «ጋን» ይባላል። እናቴ በመጣችበት ሰሞን ጎረቤት «ልጁን ጋን ውሰጂው» ብትላት የጠላ ጋን ነው የመጣባት፤ ልጁን ጋን ውስጥ ምን ልታደርገው ነው ብላ ስትስቅ ዋለች። ስለዚህ ደብዳቤ ስትጽፉ ወይም ስልክ ስትደውሉ የትኛውን ጋን እንደምትሉ ግልጽ አድርጉ። ሁለቱን የሚመለከቱት ሠራተኞች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ዘንድ የደረሰ ወረቀት ወደ ሌላው እስኪሄድ ወር ሊፈጅ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብዙ ሰው ፓርክ ማለት ሕንፃ ሲሠራ የተረፈ ባዶ ቦታ ይመስለዋል። አይደለም። በ1965 በወጣው የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት በከተማው ፕላን ላይ ሥራ ተሰጥቶታል፤ ይህ ለመኖሪያ፣ ይህ ለንግድ፣ ይህ ለመንገድ፣ ይህ ለትምህርት ቤት ተብሎ። በፕላኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ተቀብቶ የምታዩት «ሻጻፕ» ይባላል፤ ክፍት የሕዝብ ቦታ ማለት ነው። ሕጉ ከአንድ ባለመሬት ይዞታ እስከ 40 ከመቶ ድረስ ለመንገድ፣ ለመናፈሻና ለመሳሰለው የሕዝብ ጥቅም ያለ ካሣ እንዲወሰድ ይፈቅዳል። ስለዚህ በእግራችሁ ሥር ያለው ሣር አንድ ሰው ከመሬቱ ቆርሶ ለሕዝብ የተወው ሊሆን ይችላል። «እንግዳ ነን፣ በሰው ቦታ ተቀምጠን» አትበሉ። ሻጻፕ የሕዝብ ነው፤ እናንተም ሕዝብ ናችሁ።

ነታንያ በ1929 አሸዋ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ያኔ እዚህ ዛፍ ብርቅ ነበር። ከጥንት የቆመ አንድ ትልቅ የሺቅማ ዛፍ ግን ዛሬም በከተማው ውስጥ ይገኛል፤ ሺቅማ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው፣ ስታዩት ታውቁታላችሁ። በደቡብ በኩል፣ ዶራ በሚባለው አካባቢ፣ የዝናብ ኩሬ አለ። በዝናብ ወራት፣ ማለትም በግምት ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ ውኃ ይሞላል፤ ወፎች ይሰፍሩበታል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ይደርቃል። አገር ቤት ክረምት የምንለው ጊዜ እዚህ ጠራራ ፀሐይ መሆኑን ልብ በሉ። ይህን ኩሬ ደልድሎ ሕንፃ መሥራት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ኩሬው እንዳለ ሆኖ ዙሪያው ፓርክ እንዲሆን ተደርጓል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ «ኢሩስ ሃአርጋማን» የሚባል ጥቁር ሐምራዊ አበባ የተጠበቀበት ሥፍራ ይገኛል። ይህ አበባ በዓለም ላይ ከዚህ ከባሕሩ ዳር ሜዳ በስተቀር በዱር አይበቅልም፤ ፌብሩዋሪ አካባቢ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ መቅጠፍ ግን በሕግ የተከለከለ ነው። እነዚህን የጠቀስኩላችሁ ፕላን የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ የሚቀር እንዳልሆነ እንድታዩ ነው።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ወገኖቻችን «ገንዘብ የለም» የሚለውን መልስ ሰምተው አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ አይቻለሁ።

ማዘጋጃ ቤቱ፣ ኢሪያ የምንለው፣ ሁለት ኪስ አለው ብላችሁ አስቡ። የመጀመሪያው የዘወትር በጀት ነው። ከእርሱ የአትክልተኛው ደመወዝ፣ የውኃው፣ የመብራቱ፣ የጽዳቱ ወጪ ይከፈላል። ወደዚህ ኪስ ከሚገባው ዋነኛው አርኖና ነው። አርኖና የሚከፈለው በቤቱ ስፋት ልክ ሲሆን፣ የሚከፍለው በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ነው፤ ተከራይም ቢሆን ይከፍላል። አዲስ ገቢ ግን እስከ 100 ካሬ ሜትር ድረስ እስከ 90 ከመቶ ቅናሽ ያገኛል፤ ቅናሹም እንደ አዲስ ገቢ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ባሉት 24 ወራት ውስጥ ለ12 ወራት ነው። ይህ ቅናሽ በራሱ አይመጣም፤ ቴዑዳት ዖሌንና የኪራይ ውሉን ይዞ ኢሪያ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ኪራይ ከፍላችሁ አርኖና ስትጨምሩበት፣ የዚያ አትክልተኛ ቀጣሪ እናንተም ናችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ኪስ «ታባር» ይባላል፤ ከዘወትሩ ውጭ የሆነ በጀት ማለት ነው። አዲስ ፓርክ መሥራት፣ አሮጌውን ፈርሶ ማደስ፣ የመጫወቻ ዕቃ መለወጥ የመሳሰለው ትልቅ ሥራ የሚሠራው በታባር ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱ ታባር ይከፈታል፤ የከተማው ምክር ቤትም ያጸድቀዋል። ስለዚህ የዘወትሩ ኪስ ባዶ ሆኖ በሌላው ኪስ ገንዘብ ሊኖር ይችላል። «ገንዘብ የለም» ሲሏችሁ «ከየትኛው በጀት? ለሚቀጥለው ዓመትስ ታባር ሊከፈትለት ይችላል ወይ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ይህችን አንዲት ጥያቄ የጠየቀ ሰው ፊት ሠራተኛው ቀና ብሎ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ ታባር የሚገባው ገንዘብ ምንጩ ብዙ ነው። አንደኛው ምንጭ ከፕላኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በምሳሌ ላስረዳችሁ። አንድ ሰው ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለው እንበል። አዲስ ፕላን ወጥቶ እስከ ስምንት ፎቅ መሥራት ተፈቀደ። ሰውየው ምንም ሳይደክም የመሬቱ ዋጋ በ1 ሚሊዮን ሸቀል ጨመረ። በሚሸጥበት ወይም በሚሠራበት ጊዜ የጭማሪውን ግማሽ፣ 500 ሺህ ሸቀል፣ ለከተማው እንዲከፍል ሕጉ ያዘዋል፤ በሕጉ ነፃ የተደረጉ ሁኔታዎችም አሉ። ይህ ክፍያ «ሄይቴል ሃሽባኻ» ይባላል። ገንዘቡን ለፈለጉት ነገር ማዋል አይቻልም፤ ሕጉ ለፕላን ማዘጋጃ፣ ለልማት ሥራና ለሕዝብ ጥቅም የሚሆን መሬት ለመግዣ እንዲውል ወስኗል። ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ፣ ስምንት ፎቅ ሲሠራ የሚመጣው ሕዝብ መንገድም መናፈሻም ስለሚያስፈልገው ነው። ከዚህ ሌላ ከመንግሥት ሚኒስቴሮች፣ በ1951 ከተቋቋመው የዕጣ ድርጅት ከሚፍዓል ሃፓይስ የሚመጣ ድጋፍ አለ፤ ብድርም አለ።

በ2019 በአዲስ አበባ «ገበታ ለሸገር» የተባለ የእራት ግብዣ እንደተደረገ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የወንዞችን ዳር ለማልማት ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት ግብዣ ነበር። እሱም አንድ መንገድ ነው፤ ባለጸጋ አዋጥቶ ፓርክ ይሠራል። በመንደር ደግሞ ደቦና ወንፈል ነበረን፤ ጉልበት አዋጥተን እንሠራለን። እዚህ የሰፈር ፓርክ የሚሠራው በአብዛኛው በሁለቱም አይደለም፤ ከሁሉ በተሰበሰበ ግብርና በወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ የሚጀመረው ከሚጠይቅ ሰው ነው። ገንዘቡ ከሚጠይቀው ሰፈር በፊት የማይጠይቀው ሰፈር አይደርስም። ይህ ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አይደለም እላችኋለሁ። ዕብራይስጥ የማይችል ሰፈር ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ሆኖም ነገሩ እንዲህ መሆኑን አውቆ መነሳት ሳያውቁ ከመቅረት ይሻላል።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። የሰፈሩንም የከተማውንም ስም ልተወው። አንድ አሮጌ መናፈሻ ሊታደስ ገንዘብ ተገኝቶ፣ ነዋሪዎች ሐሳብ እንዲሰጡ ስብሰባ ተጠራ። እንዲህ ያለው ስብሰባ «ሺቱፍ ጺቡር» ይባላል። ከእኛ ሽማግሌዎች ስድስቱ መጡ። በዚያ መናፈሻ ዳር አንድ አሮጌ ሰፊ ዛፍ ነበረ፤ ሽማግሌዎቹ ከሥሩ ካሉት ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አይለዩም ነበር። ሌሎቹ ወንበሮች ግን ፀሐይ ላይ ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሥተው «ጥላ ይጨመርልን፤ ለሽማግሌ መቀመጫ ጥላ ያስፈልገዋል» አሉ። እኔም ፈጠን ብዬ «ሃጽላላ ይፈልጋሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

ቃሉ ስሕተት አልነበረም፤ ሃጽላላ ማጥላት ማለት ነው። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሃጽላላ ሲባል በብረት ምሰሶ ላይ የሚወጠር ሸራ ነው። የቦታው ንድፍ አውጪ ደስ ብሏት ጻፈች። ሸራውም ተገዛ። ሸራ የሚወጠረው በልጆች መጫወቻ ላይ ነውና ሸርተቴው ላይ ተወጠረ፤ ወንበሮቹ እንደ ነበሩ ቀሩ። ይባስ ብሎ ለምሳሰሶዎቹ መሠረት ሲቆፈር ያ አሮጌ ዛፍ ተቆረጠ። ከመቆረጡ በፊት ግንዱ ላይ በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እኔ አልፌው ሄጃለሁ። ማንበብ የምችለው ሰው አላነበብኩትም።

ከዚያ በኋላ ሳገኛቸው እኚያ አባት አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ እኔ የለመንኩት ዛፍ ነበር» ብቻ አሉኝ። በዚያ በጋ ከሦስተኛ ፎቅ መውረድ ተዉ። ጁላይና ኦገስት በፀሐይ ላይ መቀመጥ ለጤነኛም አይቻልም፣ እንኳን ለእርሳቸው። ልጃቸው ወንበር ደረጃው መተላለፊያ ላይ አውጥታላቸው እዚያ ይውሉ ነበር፤ የሚያነጋግራቸው ወጪና ወራጁ ብቻ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ በአንድ ቃል አትጠይቁ። የምትፈልጉትን በዓይን እንደሚታይ አድርጋችሁ ተናገሩ። «ጥላ» አትበሉ፤ «እዚህ ወንበር አጠገብ፣ በስተምዕራብ በኩል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚከልል ዛፍ» በሉ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ቦታውን አሳዩ። ተርጓሚው የተረጎመውን መልሶ በአማርኛ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፤ ተርጓሚው እኔ ብሆንም እንኳ። ይህን መጠየቅ ስድብ አይደለም። ልጆቻችሁንም ለእንዲህ ያለ ስብሰባ አስተርጓሚ አታድርጓቸው። የ10 ዓመት ልጅ «መጫወቻ» የሚለውን እንጂ «በጀት» የሚለውን አያውቀውም፤ ደግሞም ከአባቱ በላይ ተናጋሪ ሆኖ መቆሙ ለልጁም ለአባትም ደግ አይደለም። መገሼር ወይም አስተርጓሚ እንዲኖር ከስብሰባው በፊት ለማትናሱ ወይም ለኢሪያው አሳውቁ።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው፤ ትስቁ ይሆናል። በአንድ ሰፈር ስብሰባው «በ7 ሰዓት» መሆኑ ከአፍ ወደ አፍ ተነገረ። ማስታወቂያው ላይ ግን የተጻፈው 19:00 ነው። እናቶች ነጠላቸውን ለብሰው በአገራችን ሰባት ሰዓት፣ ማለትም በቀትር አንድ ሰዓት ላይ መጥተው በተዘጋ በር ፊት ተሰለፉ። ማታ ማንም አልተመለሰም። በቃለ ጉባኤው ላይ ምን እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ነዋሪዎች ፍላጎት አላሳዩም ተብሎ። ሰዓት ስትነጋገሩ «ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ በእነርሱ 19» ብላችሁ ሁለቱንም ጥሩ።

ሦስተኛው ከመምህርነት ሥልጠናዬ ያገኘሁት ነው። አስተማሪዎቻችን ልጆችን በግቢ ውስጥ ስናይ «ብዙ ልጆች ነበሩ» ብለን እንድንጽፍ አይፈቅዱልንም፤ በየ10 ደቂቃው ቆጥራችሁ ጻፉ ይሉናል። ይህን በፓርክም ሞከርነው። ሁለት እናቶች ደብተር ይዘው ለአንድ ሳምንት ከ16:00 እስከ 19:00 ተቀመጡ። ስንት ልጅ መጣ፣ ስንት ሽማግሌ መጣ፣ ስንቱ መቀመጫ አጥቶ ቆመ፣ ስንቱ ፀሐዩን ሸሽቶ ተመለሰ ብለው ጻፉ። ፊደል ያልቆጠረችው በመስመር ቆጠረች። ያንን ቁጥር በደብዳቤ ውስጥ ስናስገባ የሚመልሰው ሰው አነጋገር ተለወጠ። «ፓርኩ መጥፎ ነው» የሚለው ስሞታ ነው፤ «ማክሰኞ ዕለት 31 ልጆች ለ2 ዥዋዥዌ ተሰለፉ» የሚለው ግን ፋይል ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። የፓርኩ ስም ወይም በአቅራቢያው ያለው ጎዳናና የቤት ቁጥር፣ ችግሩ፣ የምትፈልጉት፣ የቆጠራችሁት፣ የፈራሚዎች ስምና አድራሻ ይበቃል። ጥቂት ፎቶግራፍ ጨምሩበት። ብዙ ሰው ለመፈረም ይፈራል፤ «ስሜ መንግሥት ዘንድ ቢቀመጥ ምን ይመጣብኝ ይሆን?» ይላል። ያለፍንበትን ስለማውቅ በዚህ ፍርሃት አልስቅም። ነገር ግን እዚህ አገር ስለ አግዳሚ ወንበር በመፈረሙ የኪራይ እርዳታው የተቋረጠበት ሰው አላየሁም። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው ነው፤ አንድ ፊርማ ጠጠር ናት። ቅጂውን ለራሳችሁ አስቀሩ፤ የደረሰበትን ቀንም አስጽፉ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የኢሪያ በጀት ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው ዝርዝር የሚዘጋጀው ዓመቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ለትልቅ ሥራ የሚሆን ጥያቄ ከበዓላቱ በፊት፣ ከሮሽ ሃሻና በፊት፣ ቢደርስ ይመረጣል። በፌብሩዋሪ ያመጣችሁት እንደሆነ «ለሚቀጥለው ዓመት» ትባላላችሁ፤ ይህን ስትሰሙ ተስፋ አትቁረጡ፣ በሴፕቴምበር እንደገና አምጡት። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገብታችሁ መስማት ትችላላችሁ። የኢሪያና የከንቲባ ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ሲሆን፣ ከ17 ዓመት ጀምሮ ይመረጣል። ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ተደርጓል።

ለትንሽና ለአጣዳፊ ነገር ግን ደብዳቤ አያስፈልግም። ዥዋዥዌ ከተበጠሰ፣ መብራት ከጠፋ፣ የተሰበረ ጠርሙስ ካለ 106 ደውሉ፤ የኢሪያ ሞኬድ ነው። የምትናገሩት ከተመዘገበ በኋላ የጥያቄ ቁጥር፣ «ሚስፓር ፕኒያ»፣ ስጡኝ በሉ። ያለ ቁጥር የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ነው። የልጆች መጫወቻ ዕቃ የእስራኤል ስታንዳርድ 1498 የሚባለውን የደኅንነት ደንብ ማሟላት አለበት፤ ከሥሩ ያለውም መሬት ልጅ ሲወድቅ የሚያለዝብ መሆን ይገባዋል። ስሚንቶ ላይ የተተከለ ሸርተቴ ካያችሁ ቁጥሩን ጠርታችሁ ተናገሩ። አካለ ስንኩል ወይም በጋሪ የሚሄድ የቤተሰብ አባል ያላችሁም፣ በ1998 የወጣው የአካል ጉዳተኞች እኩል መብት ሕግ እንዳለ እወቁ፤ መግቢያው ላይ ያለው ደረጃ ለእርሱ ጭምር ሊታሰብበት ይገባል።

በመጨረሻ የማነሣው በነታንያ አሮጌ ሰፈሮች ለምትገቡት ነው። አሮጌ ሕንፃዎች ፈርሰው በምትካቸው ረጃጅም የሚሠሩበት «ፒኑይ ቢኑይ» የሚባል ሥራ አለ። እንዲህ ያለው ፕላን አረንጓዴውን ቦታ ሊያሰፋው፣ ሊያዛውረው ወይም ሊያጠበው ይችላል። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይቀርባል፤ ይህ «ሃፍቃዳ» ይባላል። በጋዜጣና በቦታው ላይ በሚቆም ሰሌዳ ይነገራል። ከዚያ ጀምሮ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ፣ በፕላኑ ተጎድቻለሁ የሚል ባለ ጉዳይ ተቃውሞ፣ «ሂትናግዱት»፣ ማስገባት ይችላል። ቤት የገዛ ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ተከራይም ብትሆኑ ጠይቁ። ትልልቆቹ ፕላኖች የሚታዩት በራምላ በሚገኘው የማዕከላዊ አውራጃ ኮሚቴ ነው። ሰሌዳ ቆሞ ካያችሁ ፎቶ አንሡና ዕብራይስጥ ለሚያነብ ሰው አሳዩ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ልመና ብዙም አይረዳም።

ዛፍም እንዲሁ ነው። ቁመቱ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ግንዱም ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ሲለካ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር የሞላ ዛፍ በሕግ «አዋቂ ዛፍ» ነው፤ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ፈቃዱም ላይ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ግንድ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካያችሁ እንደ እኔ አልፋችሁ አትሂዱ።

እኚያ አባት የት ደረሱ የምትሉ ትኖራላችሁ። በሁለተኛው ዓመት የሰፈሩ ሰዎች 84 ፊርማ ያለበት ደብዳቤ አስገቡ፤ «ሃጽላላ» የሚል ቃል አልነበረበትም። ከቱ ቢሽቫት በኋላ ሦስት ችግኝ ከወንበሮቹ በስተምዕራብ ተተከሉ። የባሕሩ ጨው ያለበት ነፋስ አንዱን አደረቀው፤ ተደውሎ በሌላ ተተካ። ችግኝ ዋርካ አይደለም፤ ሽማግሌው ወደ ታች የወረዱት ገና ጥላ ሳይኖር ነው፣ ጠዋት በማለዳ። በየጊዜው በበትራቸው ይለኩታል። ባለፈው በጋ የአንደኛው ጥላ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ደርሶ ነበር፤ ፀሐይ በዞረች ቁጥር እርሳቸውም ከወንበሩ ጫፍ ወደ ጫፍ ፈቀቅ ይላሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እናልፋለን። ከዚያ በፊት ስልካችሁን አውጡና 106 ብላችሁ መዝግቡ፤ ስሙን በአማርኛ «ኢሪያ» ብላችሁ ጻፉት። የማይጽፍ ካለ ወደ እኔ ይምጣ፣ እጽፍለታለሁ።